ተከሳሽ በሌለበት

ታናሽ ወንድሙ ይርዳው ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደው በድልድዩ በኩል ነው። ጎህ ሲቀድ ታላቅየው ሽመሉን ይዞ እዚያ ጠበቀው። ይርዳው ዛሬ ችሎት ካልቀረበ፣ የአባታቸው ቤት ለከሳሹ ለታላቅየው ይፈረድለታል።

ይርዳው ሲያየው ፈገግ ብሎ የተጨበጠ ቀኝ እጁን ዘረጋ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ወዳንተ...»

ድንጋይ የያዘ መሰለውና ሽመሉን ሰነዘረ። ይርዳው ሊከላከል ያነሳው ግራ ክንዱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሁለተኛው ምት አናቱ ላይ አረፈ። ከድልድዩ ሥር ባለው ቦይ ውስጥ ሲወድቅም ጭብጡን አልፈታም።

«እስቲ አሁን ቀርበህ ተከራከር!» አለው። የሽመሉን ደም በሣር ጠርጎ ሄደ።

ችሎት ላይ የሁለቱም ስም ተጠራ።

«ተከሳሽ አልቀረበም፤ በሌለበት ይታይልኝ» አለ ከሳሹ።

ዳኛዋ መዝገቡን ገለጡ። «የመከላከያ መልሱን የሚያስገባበት ቀን እኮ ባለፈው ሳምንት አልፏል። መዝገብ ቤት ሲጠይቁት ‹ከወንድሜ ጋር አልከራከርም› ብሎ ነው የሄደው። ዛሬ ቢመጣም ባይመጣም ቤቱ የእርስዎ ነው።»

ወደ ድልድዩ ሮጠ። ይርዳው እንደወደቀ ነው፤ ዝንብ ወሮታል። የደረቁትን ጣቶች አንድ በአንድ ፈለቀቀ።

የአባታቸው ቤት ቁልፍ ነበር።