የመቃብሩ በር ጣሳ

ያን ቀን ጌጸል ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። የአባቱ ሙት ዓመት ነው፤ መቃብሩ ላይ ጸሎት ሊያደርስለት ይዞን መጥቷል። ለጸሎቱ ግን አስር ወንድ የግድ ነው፣ ሩዝኖቭካ ውስጥ የቀረነው አይሁድ ወንዶች ደግሞ ዘጠኝ ብቻ ነን።

"አምናም እንዲሁ ተመለስኩ" አለ። "ዘንድሮም ሳልጸልይለት ልሂድ?"

ቀልደኛው ፋይቪሽ ወደ መቃብሮቹ ዞረና፣ "ምን ተጋድማችሁ ታያላችሁ? አንዳችሁ ተነሱና ሙሉልን እንጂ!" ብሎ ጮኸ። ሳቅን።

ሽማግሌው ጋሼ ሌይብ ብቻ አልሳቁም። እኛ ጋ ሰው መቁጠር ነውር ስለሆነ፣ እንደ ልማዳችን "አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም" እያሉ በዓይናቸው ዞሩን። "ዘጠኝ አይደለም" ብለው ግን አልቆሙም፤ "አስር አይደለም" ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ።

"ጋሼ፣ ይድገሙት እስቲ" አልኩ።

"ዝም በል አንተ! ጌጸል፣ ጀምር!"

ጌጸል እያነባ ጸለየ። ሁላችንም አሜን አልን፤ ከኋላዬ ግን አንድ አሜን ዘግይቶ መጣ። ዞር ብሎ ያየ የለም።

ስንወጣ፣ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሁሉ በሩ ጋ ካለው በርሜል ቀድቶ እጁን ይታጠባል። ጣሳውን ከእጅ ወደ እጅ አንቀባበልም፤ የታጠበው ድንጋዩ ላይ ይደፋዋል፣ ቀጣዩ ያነሳዋል። ስምንቱ ታጥበው ወጡ። እኔ መጨረሻ ታጠብኩና ጣሳውን ደፍቼ ተከተልኳቸው።

"በሩን ዝጋው!" አሉኝ ጋሼ ሌይብ። "ቶሎ በል!"

እጄ መዝጊያው ላይ እንዳለ፣ ከውስጥ ጣሳው ከድንጋዩ ላይ ሲነሳ ሰማሁ። ውሃው ፈሰሰ። ከዚያ ጣሳው ቀስ ብሎ ተደፋ።