ሦስት ጠዋት ያልተነሳች ፒካፕ

ፒካፗ ማክሰኞ ጠዋት አልተነሳችም።

ዕንባቆም ልጁን ኪሩቤልን ሻሸመኔ ማድረስ ነበረበት። እዚያ ደላላ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሞያሌ፣ ከዚያ ሳውዝ አፍሪካ። ደላላው በመናኸሪያ እንዳትመጡ ብሏል። በሬዎቹ ተሽጠዋል፤ ሆሳዕና ያለ ዘመድ ሁሉ መርቆ ሸኝቷል። ሐሙስ ካለፈ ደላላው ሌላ ሰው ይዞ ይሄዳል።

ኪሩቤል ከሁሉም ቀድሞ ተነስቶ ሻንጣውን ጭኗል።

መካኒኩ ሱልጣን መጣ። መብራት አለ፣ ክላክስ አለ። ቁልፍ ሲዞር ግን ጸጥ።

"ባትሪ ነው" አለና ወስዶ ሙሉ ቀን ቻርጅ አደረገው። ረቡዕም ያው።

"እግዜር አልፈቀደም ማለት ነው" አለች እናትየው ሙሉመቤት። ለሱልጣን ቆጮ ጨመረችለት።

"እግዜር ምን አገባው መኪና ውስጥ!" አለ ዕንባቆም።

ሱልጣን ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ፈታ። መሬት አስቀምጦ በባትሪ ሲሞክረው እንደ ጠገበ ወይፈን ተወራጨ። ሞተሪኖው ደህና ነው። መልሶ ሲገጥም ያገኘውን ብሎን ሁሉ አጠበቀ። መኪናዋ ተነሳች። ዲናሞውንም ለካ፤ አሥራ አራት ቮልት፣ ባትሪውን እየሞላ ነው።

"አሁንማ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ነገ በጠዋት ትሄዳላችሁ" አለ ሱልጣን።

ሙሉመቤት ሳህኑን አንስታ ገባች።

ሐሙስ ጠዋት ቁልፍ ዞረ። ጸጥ።

ሱልጣን ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን አስገባ። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጥቁር ሽቦ ተፈቷል።

"ጋሼ፣ ይሄን ትናንት በእጄ ነው ያጠበቅኩት። ሰው ነው የፈታው።"

ዕንባቆም ወደ ሚስቱ ዞረ።

"አንቺ ነሽ አይደል? በሬዎቹን የሸጥነው ለጨዋታ ነው? ነገ ሰው ምን ይለናል?"

ሙሉመቤት ኪሩቤልን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለች።

"ይሁን፣ የእናት አንጀት ነው" አለ ሱልጣን። "ሌላም ነገር ነክተው ከሆነ መኪናዋ መንገድ ላይ እንዳታቆማቸው ብዬ ነው እንጂ... የቱን የቱን ነው የፈቱት? እስቲ ያሳዩኝ፣ እትዬ።"

ሙሉመቤት ጎንበስ ብላ ሞተሩን ብዙ አየችው። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ጠቆመች።

ኪሩቤል ከሱሪው ኪስ መፍቻ አውጥቶ አባቱ እጅ ላይ አስቀመጠ።