ከአሥሩ አንዱን የሚስተው መርፌ

ዶክተር ሙዘሚል ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሰ ሳቀና ጎኑን ያዘ።

የሚያየው በመርፌ ከኩላሊት እብጠት የተወሰደ ናሙና ነው። ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሲታመም ወሬው ካንቲን እንዳይደርስ ስሙ ከናሙናው ላይ ይሰረዛል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። በሱዳኗ ዋድ መደኒ ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለ ናሙና የሚያነብ ከሙዘሚል ሌላ የለም።

ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ታጅ አልሲር ሳያንኳኩ ገቡ። ላብ በላብ ሆነዋል። በእጃቸው አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ከርከዴ ይዘዋል። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ሙዘሚልን ውኃ እንኳ ጋብዘውት አያውቁም።

«ምን ተገኘ?»

«ካንሰር አይደለም።»

«አልሐምዱሊላህ!» ወንበር ሳቡለት። «ቁጭ በል እንጂ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ግን ፕሮፍ፣ መርፌ ይታመናል እንዴ? ይታመናል ብዬ የጻፍኩትን የመመረቂያ ጽሑፌን የጣሉብኝ ቀን ምን ነበር ያሉት?»

ፕሮፌሰሩ መሬት መሬቱን አዩ።

«‹መርፌ ከአሥሩ አንዱን ይስታል፤ እብጠት ካየህ ኩላሊቱን ቆርጠህ ጣል› አሉ። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ! የመምህርነቱን ቦታም ለእህትዎ ልጅ ሰጡት።»

«ተሳስቻለሁ። ይኸው፣ ሦስት ቦታ ተወግቶ ሦስቱም አንድ ዓይነት ነው። ደህና ኩላሊት እንዴት ይጣላል?»

«እርስዎ ስንቱን ጥለዋል!»

«ካንቲን መሀል ቆሜ ይቅርታ ልጠይቅህ?»

«አልፈልግም።»

«ጽሑፍህ ትክክል ነበር ብዬ በፊርማዬ ልስጥህ?»

«ዘገዩ።»

«አንተ ሰው፣ ግመል እንኳ እንዳንተ ቂም አይዝም!»

ሙዘሚል የቀዶ ሕክምናውን የስምምነት ቅጽ ከመሳቢያው አወጣ፤ ፈረመበትና በጠረጴዛው ላይ ወደ ፕሮፌሰሩ ገፋው። ይህን ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ጠብቆታል።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ያስተማሩትን ይፈጽሙ።»

ፕሮፌሰሩ ቅጹን እንደ ጋለ ብረት ድስት በጣት ጫፍ መልሰው ገፉት። ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም።

«በአላህ ይዤሃለሁ፣ ሙዘሚል፣ እልህህን ዋጥ አድርገው፤ ኩላሊቱ እኮ ያንተ ነው!»