የመጨረሻዋ ሜዳ

የቀረችው አንዲት ሜዳ ብቻ ነበረች። መሐንዲሷ የከተማውን የኳስ ሜዳዎች፣ መዋኛውንና የአረጋውያን መናፈሻውን በወንዝ ዳር የእግር መንገድ ለማያያዝ ጥርሷን ነክሳ ስትሠራ ከርማለች። ይህቺ ሜዳ ከሌለች ግን መንገዱ መሃል ላይ ይቆረጣል፤ የላይ ሰፈሩና የታች ሰፈሩም እንደተለያዩ ይቀራሉ።

ጠዋት አለቃዋ አቶ መርዕድ አስጠሯትና፣ "ሜዳው ተይዟል፤ ሰው ሰፍሮበታል" አሏት።

"ማን ፈቀደለት?" ብላ ጮኸች። "ጋሽ መርዕድ፣ ይህ ሜዳ ከሄደ የሠራነው ሁሉ ከንቱ ነው! በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ያስነሱልኝ!"

"መጀመሪያ ሄደሽ አረጋግጪ፤ ከዚያ ደንብ አስከባሪ እልካለሁ።"

ወደ ሜዳው ገሰገሰች። "ማንም ይሁን ማን አስነሳዋለሁ" እያለች ለራሷ ትምላለች። ሜዳው ስትደርስ በአንደኛው ግብ ላይ ሸራ ተወጥሮ፣ ደጃፉ ላይ የከሰል ምድጃና ጀሪካን ተቀምጦ አየች።

"የዚህ ቤት ባለቤት ማነው?" ብላ አንባረቀች።

ሸራው ተገለጠና አንዲት አሮጊት አጎንብሰው ወጡ። ፀሐዩን በእጃቸው ከልለው ትንሽ አተኩረው ካዩዋት በኋላ ፊታቸው ፈካ አለ።

"እሰይ፣ መጣሽልኝ የኔ ልጅ! መንገዱ በጓሮዬ ሊያልፍ ቤቴን ያስፈረስሽ ጊዜ፣ 'ምትክ ቤት እስኪሰጥዎ ከሰፈሩ አይራቁ' ብለሽኝ አልነበር? ይኸው ሳልርቅ ስጠብቅሽ ከረምኩ። ደረሰልኝ?"