ቀዩ ካርድ

የዳንስ ትምህርት ቤቱ ደንብ በሩ ላይ ተለጥፏል። ልጅ ሁሉ ወገቡ ላይ ቀይ ካርድ ይሰካል። የሚያስጨንቀው ሰው ሲኖር ያነሳዋል፤ ያኔ ሁሉም ነገር ይቆማል። ለምን አነሳህ ተብሎም አይገደድም።

እናትየዋ ደንቡን በቃሏ ታውቀዋለች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ በሁለት ሳምንት አራት ጊዜ ካርዱን ስታነሳ፣ በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት በኩል በዓይኗ በብረቱ አይታለች። አራቱንም ጊዜ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው መስታወት አዙራ፣ መምህሩ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?

"ሰውየው ልጄን የሆነ ነገር እያደረጋት ነው" አለች ጽሕፈት ቤት ገብታ።

"ጠይቀናት ነበር እኮ" አለች ኃላፊዋ። "እርስዎም አጠገቧ ነበሩ።"

ነበረች። እጇንም ይዛላት ነበር። ልጅቷ ግን ትንፍሽ አላለችም።

"ፈርታ ነዋ! በወር ሦስት ኪሎ ቀንሳለች፤ በየቀኑ የምመዝናት እኔ ነኝ። ትናንት ደግሞ ለብቻዋ አስቀርቶ ዳቦ ሲሰጣት ደረስኩ። ለሚመጣው የዳንስ ውድድር ብዬ ዳቦ ከልክያት ሳለ! ምን ፈልጎ ነው?"

ኃላፊዋ ጻፈች። ባለፈው ሳምንትም ጽፋ ነበር።

"እናጣራለን።"

እናጣራለን! እናትየዋ ይህችን ቃል ጠልታታለች። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

ስትወጣ መምህሩን ደረጃው ላይ አገኘችው።

"ልጅዎ ለሁለት ሳምንት ስፕሊት፣ ያንን እግር ወለል ላይ መዘርጋቱን፣ ባትሠራ ጥሩ ነው" አላት። "የጭኗ ጡንቻ ተጎድቷል።"

"ማን ጎዳው?"

ዓይን ዓይኗን አያት። ጎድቶ ሲያበቃ ያዝንላታል! ደግሞ የሱን ስንፍና የምታካክሰው እሷው ናት። ከትምህርት መልስ ልጅቷን ሳሎን ወለል ላይ እግሯን አዘርግታ፣ "አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ሁለት ጣት ነው የቀረሽ" እያለች ትከሻዋን ስትጫን፣ የሚቆረጠው የናትየዋ ወገብ ነው። ማን አመሰገናት?

ሰኞ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብታ ጠረጴዛ ደበደበች። ልጄን ካላዳናችሁልኝ አገር ይሰማል አለች። ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅ መምህሩ ከሥራ ታገደ።

ረቡዕ ሰዓቱ ሳይደርስ መጣች። ከስንት ጊዜ በኋላ እፎይ ብላለች። ከክፍሉ የልጆች ሳቅ ይሰማል፤ ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የልጇ ነው። ይኸው፣ ሰውየው ሲሄድ ሳቋ ተመለሰ። አዲሷ መምህርት ወዲያኛው ጥግ ላይ ሙዚቃ ትመርጣለች። እናትየዋ ፈገግ ብላ ፊቷን ወደ በሩ መስኮት አስጠጋች።

ልጅቷ በግድግዳው መስታወት ውስጥ አየቻት፤ ሳቋን ዋጠችና ቀዩን ካርድ አነሳች።