ሲቲና የነገረችው

ልጆቼ «ታሪክሽ ይጻፍ» ብለው ስለጨቀጨቁኝ ሙሉነህ የሚባል ጸሐፊ ቀጠርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ካምፓላ ቡኮቶ ሰፈር ያለው ሱቄ ይመጣል። እኔ አወራለሁ፣ እሱ በስልኩ ይቀዳል፤ በሳምንቱ ጽፎ ያነብልኛል።

ለሱም እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ሲቲና ነኝ። እህቴ ጦይባ ኬንያ ከነበርንበት የስደተኞች ካምፕ ወጥተን ስንመጣ በረሃ ላይ በውሃ ጥም ሞተችብኝ ብዬ ነገርኩት። እውነቱ ግን ጦይባ እኔ ነኝ። በረሃ የቀረችው እህቴ ሲቲና ናት። የስደተኛ ወረቀት የወጣላት እሷ ብቻ ስለነበረች ወረቀቷንም ስሟንም ይዤ ካምፓላ ገባሁ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ዛሬ የጻፈውን ሲያነብልኝ አንድ ቦታ ላይ አስቆምኩት። «ጦይባ የውሃውን ጀሪካን አንስታ ስትሄድ እኔ ገና አልሞትኩም ነበር» ይላል።

«ወላሂ፣ ይሄን እኔ አልነገርኩህም!»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!» አለ ቅር ብሎት፤ ስልኩን ከፈተልኝ።

የራሴ ድምፅ ያወራል። ከዚያ ቅጂው ላይ ውሃ ልጠጣ ወሬዬን አቋርጣለሁ፤ ብርጭቆው ጥርሴን ሲነካ ይሰማል። እየጠጣሁ ሳለ ሌላ ድምፅ፣ ጉሮሮዋ የደረቀ የሴት ልጅ ድምፅ፣ ካቆምኩበት ቀጠለ። ሙሉነህም «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላታል።

«አጥፋው!» አልኩት።

አጠፋው። አፌ ክው ብሎ ደርቆ ስለነበር ብርጭቆዬን አነሳሁ።

«ጦይባ» አለችኝ ሲቲና ከጎኔ በዚያው በደረቀ ድምፅ፣ «አሁንም ብቻሽን ልትጠጪው ነው?»