የሸሚዙ ምዘና

ፋብሪካው ከደረጃ ሁለት የልብስ ስፌት ሰልጣኞች የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ከተሰማ ጀምሮ፣ ውዴና ጀሊላ ግሽ አባይ ሰፈር በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ጨዋታ ቀረ። ውዴ ካልተቀጠረች ይፋግ ተመልሳ ሩዝ ስታርም ልትኖር ነው። ለጀሊላም ወረታ ያለው አጎቷ እንድትማር የፈቀደላት በግድ ነው፤ ሥራ ካጣች የመረጠላት ባል ይጠብቃታል።

ምዘናው ሸሚዝ ነበር። ዛሬ ቅድ፣ ነገ ስፌት። ለሁሉም እኩል ካኪ ታደለ።

«ጨርቁ ፊትና ጀርባ አለው፤ ግራና ቀኙ እንዲለይ አጥፋችሁ ቁረጡ» አሉ መምህር አስናቀ። «ከተሳሳታችሁ ከትርፋችሁ ታስተካክላላችሁ፤ ሌላ ጨርቅ የለም። የሰው እጅ የገባበት ሥራ ደግሞ ከነባለቤቱ ይወድቃል።»

ከጣና በኩል የሚገባው ነፋስ የውዴን ፓተርን፣ የመቁረጫውን የወረቀት ቅርጽ፣ እየደጋገመ አነሳባት። ተናደደች፤ ተጣደፈች፤ እጅጌው ላይ ስትደርስ እንደምንም ቆርጣ ተገላገለች። የተረፋት ለኪስ እንኳ የማይበቃ ቁራጭ ነው። ቀና ስትል ጀሊላ በጎን እያየቻት ነበር። ወዲያው ዓይኗን ሰበረች።

ውዴ ይህን አስተያየት አልወደደችውም።

ከምሳ በኋላ የረሳችውን ስልክ ልትወስድ ተመለሰች። የወርክሾፑ በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ ጀሊላ ብቻዋን ናት፤ በአንድ እጇ መቀስ ይዛለች፤ ሌላው እጇ የውዴ ጥቅል ውስጥ ነው።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

ጀሊላ ክው አለች። «የእኔ መስሎኝ» አለችና ቦርሳዋን ዘግታ ሹልክ አለች።

የእኔ መስሎኝ! ጥቅሉ ላይ «ውዴ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ውዴ ቁርጥራጮቹን አገላብጣ አየች። የጎደለም የተቀደደም የለም። ለጥቂት ነው የደረስሁባት አለች በሆዷ። አብረን በልተን፣ አብረን ተኝተን! ደሟ ፈላ።

የጀሊላን ጥቅል ፈታ ኮሌታውን ሁለት ጣት ያህል አሳጠረችው። ትርፍ ጨርቅ ስላላት ሌላ ትቆርጣለች፣ እስከዚያ ጊዜ ይባክንባታል፣ እኔም እቀድማታለሁ ብላ ራሷን አጽናናች።

በማግስቱ የውዴ ሸሚዝ እንከን አልወጣለትም። መዛኟ ወይዘሮ እናትዓለም አገላብጠው አይተው «ጎበዝ!» አሏት።

የጀሊላ ኮሌታ ግን አንገቱን አልሞላ አለ።

«ከትርፍሽ ሌላ ቁረጪያ፣ ልጄ» አሉ መዛኟ።

«የለኝም።»

«ተሰጥቶሽ የለም እንዴ? የት አደረግሽው?»

ጀሊላ ውዴን አየት አደረገቻት፤ ከዚያ አቀረቀረች። ምዘናውን ወደቀች። ውዴም እግዜር የእጇን ሰጣት ለማለት አልከበዳትም።

ቅጥሩ ለውዴ ሆነ። የጀሊላ አጎት ግን የሠርጉን ቀን ቆርጦ ላከባት። ውዴ እስከ መናኸሪያ ሸኘቻት፤ የደላው ሰው ለጋስ ይሆናልና የወረታው ሚኒባስ ሊነሳ ሲል ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

«ይቅር ብየሻለሁ» አለቻት።

«ስለምኑ?»

«ያን ቀን ጥቅሌን ልታበላሺ ስትይ ደርሼብሽ የለ።»

ጀሊላ ግራ ገብቷት ትንሽ አየቻት። ከዚያ ማንም እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርገሽ ቆርጠሽው ነበር እኮ፤ አንዱን በእኔ ትርፍ ጨርቅ ቀየርሁልሽ።»